ግቢ

ቻይናውን ያገኘሁት እኛ በምንኖርባት የቴክሳስ ከተማ በማኪኒ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያረጁ መጻሕፍቱን አውጥቶ ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ብዙ ቅጽ ያለው፣ ወፍራም፣ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ የድሮ የቻይና ልቦለድ። እውነቱን ለመናገር ለማንበብ ብዬ አልገዛሁትም። ባለቤቴ ታፈሰ ለሳሎኑ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ መደርደሪያ አሠርቶ ባዶውን ስለተወው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አፍር ነበር። ታፈሰ መደርደሪያ ያሠራል እንጂ መጽሐፍ አይገዛም።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ከመሃሉ ገለጥ አደረግሁትና እዚያው ቆሜ አነበብኩ። እግሬ ሲዝል ተቀመጥኩ። ራት ሳልሠራ ቀረሁ። ነገሩ በአጭሩ ሲነገር ምንም አይደለም፤ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ፣ አያት፣ ልጆች፣ ምራቶች፣ የልጅ ልጆች፣ ቁጥር የሌለው አሽከርና ገረድ በአንድ አጥር ውስጥ ይኖራሉ፤ ይጋበዛሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ግጥም ይገጥማሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይወድቃሉ። ደራሲው ግን አይቸኩልም። ስለ አንዲት ገረድ ኩርፊያ ሙሉ ምዕራፍ ይጽፋል። ስለ ሾርባ ይጽፋል። ሰዎቹ ለነገው ድግስ ማን የት እንደሚቀመጥ ሲጨቃጨቁ ቤቱ ከሥር እየበሰበሰ ነው፤ አንባቢው ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ግን አያነሱትም። እዚህ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ የራሳችንን ሳሎን ማየቴ አልቀረም።

የታፈሰ እናት፣ እማማ እታለማሁ፣ አብረውን ይኖራሉ። ዓይናቸውን ግላኮማ ወስዶባቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ሰፈሩ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም፣ ጎረቤቶቻችን ከጋራዥ ወጥተው ጋራዥ ይገባሉ። መጽሐፉ ላይ ለብቻዬ ስስቅ ሰሙኝና ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ፤ እማማ አይለምኑም፣ ያዛሉ። ከዚያ ወዲህ ግሬፕቫይን ከተማ ከምሠራበት ሆቴል የጧቱን ሺፍት ጨርሼ ስመለስ ከጎናቸው እቀመጥና፣ ዓይኔ እንግሊዝኛውን እያየ አፌ አማርኛ ይናገር ጀመር። የመጽሐፉ ስም አልያዝ ስላላቸው ቻይናው አሉት። «ቻይናውን አምጪው» ይሉኛል፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

ገና በመጀመሪያው ገጽ ተጣላን። እኔ ትልቅ ቤት እላለሁ፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በረኛ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለው። ጓሮስ? አገልጋይ የሚያድርበት ሰርቪስስ? ሁሉም አለው አልኳቸው።

«እንግዲያው ቤት አይደለም፣ ግቢ ነው» አሉኝ። «ግቢ በይ።»

እሳቸው ያውቁታል። ጉለሌ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ውስጥ ተወልደው፣ ባል እዚያው ድረስ መጥቶላቸው፣ እዚያው ወልደው ኖረዋል፤ በስልሳ ሰባት ወታደሮች በሩን አሽገው እስኪያስወጧቸው ድረስ።

ሁለተኛው ጠባችን የባሰ ነበር። እንግሊዝኛ አያቲቱንም ገረዲቱንም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው። ማን ማንን አንቺ እንደሚል፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል መወሰኑ በእኔ ላይ ወደቀ። አንድ ቀን ሳላስበው ገረዲቱ እመቤቷን «ነይ» አለቻት። እማማ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ይቺ ልጅ ዛሬውኑ ትባረራለች አሉ። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ብነግራቸውም ለልጅቱ ያደረባቸው ጥርጣሬ ብዙ ምዕራፍ ተከትሏታል።

ግን ምን ዓይነት አድማጭ ነበሩ መሰላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩኝ ሰዎች እንደ እሳቸው መጽሐፍ ሲያዳምጡ አላየሁም። የቻይኖቹ ስም ስለሚምታታባቸው ሰዎቹን ሁሉ በገዛ ዘመዶቻቸው ተኩዋቸው፤ አያቲቱ የእሳቸው እናት ሆኑ፣ ቁልፍ የምትይዘዋ ምላሰኛ ምራት የአጎታቸው ሚስት ሆነች። ሳምባ የሚያማት ግጥም ወዳድ ልጅ ስትመጣ፣ ይቺ ብዙ ስለምታስብ አትቆይም አሉ። ገና መግቢያዋ ላይ ነበርን። ድግሱ ሲደምቅ እማማ ይጨልምባቸዋል። «ይኸው፣ አሁን ሰው ማብዛት ጀመሩ፤ ሊያልቅላቸው ነው» ይላሉ። ታፈሰ በዚያው ሰሞን ለልደቱ ድንኳን ተክሎ ግማሽ ዳላስን ጠርቶ ነበር።

ብርቅነሽ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ዳላስ ውስጥ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል የስደተኞች ሰፈር ትኖራለች፣ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች፣ በዲቪ ከመጣች ቆይታለች። ያደገችው እማማ ግቢ ነው፤ እህቷ ወጥ ቤት ስትሠራ እሷ ትላላክ ነበር። የአበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ድንገት ተገናኝተው፣ በርበሬና ሽሮው መደርደሪያ መካከል ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ስማለች። እኔ ጋሪውን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ቤታችን ስትመጣም ያው ነች። እሜቴ ትላቸዋለች። ያን ያህል ሶፋ እያለ ምንጣፉ ላይ እግራቸው ሥር ትቀመጣለች። ተነሺ ብላት እዚህ ይመቸኛል አለች። እኔን ያናድደኝ ነበር፤ ታፈሰን ደስ ይለው ነበር። አክብሮት ማለት ይኼ ነው እያለ ለጓደኞቹ ያሳያት ነበር ማለት ይቻላል። ጥሩነቱ፣ መጽሐፉን ወደደችው። እሷ ባለችበት ቀን ማንበብ ደስ ይለኛል፤ ገረዶቹ ሲመጡ ቀና ትላለች፣ እመቤቶቹ ሲመጡ የምንጣፉን ጫፍ ትፈትላለች።

አንድ ቅዳሜ የታመመችው ገረድ ምዕራፍ ላይ ደረስን። ግቢው ውስጥ ትልቅ ድግስ ሊደገስ ነው፣ አንዲት ወጣት ገረድ ታማለች፣ ትስላለች። ሴቶቹ ይመካከራሉ። እንግዳ እየመጣ ግቢ ውስጥ ሰው ቢሞትስ? እኔ አረፍተ ነገሩን በአፌ እያዞርኩ ሳለሁ እማማ ተናገሩ።

«ይለፍ።»

ያልሰማሁ መሰለኝ። ይኼን ሁሉ ወር ስናነብ አንድም ነገር ዘለን አናውቅም። ልጅ እስኪደማ ሲገረፍ ሰምተዋል፣ ሰው ራሱን ሲያጠፋ ሰምተዋል፣ የሬሳ ሣጥን እንጨት ዓይነት እንኳ ሳይቀር አስደግመውኛል። ደክሟቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አልደከመኝም። ይቺ ትለፍ፣ ከድግሱ ቀጥዪ።»

ከድግሱ ቀጠልኩ። ብርቅነሽ የምንጣፉን ጫፍ ለቀቀች።

ልሸኛት ስወጣ አሮጌ ኮሮላዋ በር ላይ ተደግፋ የታለፈው ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ልጅቱን ድግሱ ሳይጀመር በጓሮ በር አወጧት፣ ድግሱ ሲያልፍ እመለሳለሁ ወይ ብላ ጠየቀች፣ ማንም አልመለሰላትም፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ስለ እሷ የሚለው ጥቂት ነው አልኳት። ብርቅነሽ ቁልፏን በጣቷ እያዞረች ሰማችኝ። ከዚያ ስለ እህቷ ስለ ከበቡሽ ነገረችኝ።

ከበቡሽ ደም ትተፋ ነበር። የእማማ ታናሽ እህት ሠርግ ደርሶ ድንኳን ተተክሏል፣ ጠላ ተጠምቋል። ጧት ብርቅነሽ ስትነሳ የእህቷ መደብ ባዶ ነው። ከአገራቸው ከጅሩ እህል ያመጣው የጭነት መኪናም የለም። እህቷ የት እንደሄደች ብትጠይቅ አገሯ ገብታለች አሏት። ሠርጉ ላይ ውኃ ስታቀርብ ዋለች። ከዓመታት በኋላ አገሯ ሄዳ ብትጠይቅ ከበቡሽ የምትባል አልመጣችም ተባለች። እናቷ ልጄ ከተማ ትልቅ ቤት ነው ያለችው ስትል ሞተች።

«መርዶ አልነገረኝም ማንም» አለችኝ። «እኔም ለናቴ አልነገርኳትም፣ ምን ብዬ? የት ተቀበረች ብትለኝስ? ሶ፣ እሜቴን እዚህ አገር ሳገኛቸው፣ እግዜር ለዚህ ነው ያመጣኝ አልኩ። ራሳቸው ይነግሩኛል ብዬ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣው።»

ለምን አትጠይቂያቸውም አልኳት። እንደ ቀላል ነገር ነው የጠየቅኋት፤ የእኔ ነገር።

«እሜቴ፣ እህቴን የት ጣሏት ተብሎ ይጠየቃል? አፌ ላይ አይመጣልኝም። አንቺ ብዬ ብጀምር ነው የሚወጣልኝ። አንቺ ማለት ደግሞ አልቻልኩም።»

ሄደች። በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣችም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣችም። እማማ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያቺ ልጅ ሥራ በዛባት እንዴ አሉኝ። በዝቶባታል አልኳቸው። ብርቅነሽ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ናት፤ ለእማማ ግን ዛሬም ያቺ ልጅ ናት።

የእኛም ቤት በዚያው ሰሞን ወደቀ። እንዴት እንደወደቀ ለማስረዳት ታፈሰ ይሻላል፤ እሱ ሲያስረዳ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ባንክ ነው። ሁለት ማደያ ነበረው፣ ማደያዎቹን አስይዞ አድሶ የሚሸጣቸው ቤቶች ገዛ፣ ቤት የሚገዛ ሰው ጠፋ፣ በመጨረሻ የራሳችን ቤትም ተከትሎ ሄደ። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉብን። በወሩ መጨረሻ መልቀቅ ነበረብን። ታፈሰ የሰው ትራክ መንዳት ጀምሮ ስለነበር ወሬውን በስልክ ነው የነገርኩት፤ አሪዞና አካባቢ ቆሞ ነዳጅ ይቀዳ ነበር።

«ሶ፣ ለእማዬ ምንም እንዳትነግሪያት፣ ኦኬ?» አለኝ። «ማለቴ፣ ልቧ አይችልም። የሆነ ቦታ ፈልጊና፣ ለቫኬሽን ነው በያት።»

በሰባ ምናምን ዓመታቸው ዓይናቸው የማያይ ሴት ለቫኬሽን። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ቤት መከራየት ሞክሬ ነበር። ስማችን ባንክ ዘንድ ስለተበላሸ አፓርታማዎቹ ክሬዲት ቼክ አድርገው፣ የብድር ታሪካችንን አይተው ይመልሱኛል። ዘመድ ጋ ደወልኩ፣ ጓደኛ ጋ ደወልኩ፤ ድንኳናችን ሥር የበሉ የጠጡ ሁሉ ቤታቸው በአንድ ሳምንት ጠቦባቸው ተገኘ። እኔ ብቻዬን ብሆን የሥራ ጓደኛዬ ሶፋ ላይ እተኛለሁ። እማማን ሶፋ ላይ ማስተኛት አይቻልም፤ ሌሊት ሲነሱ ግድግዳ እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት። አንድ መኝታ፣ አንድ በር፣ ከሚያውቃቸው ሰው ጋር፤ የምፈልገው ይኼን ብቻ ነበር፣ ይኼንንም አላገኘሁም።

እየፈለግሁ ዕቃውን እሸጥ ነበር። የምግብ ጠረጴዛው ሄደ፣ ሶፋዎቹ ሄዱ፣ ምንጣፉ ሄደ። እማማ አያዩም ብዬ የእሳቸውን ወንበርና የእኔን በርጩማ ብቻ አስቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ማንበባችንን አላቋረጥንም። ቻይናው ውስጥም ሰዎቹ ዕቃ ማስያዝ ጀምረው ነበር፤ የአያቲቱን የብር ዕቃ በድብቅ እያወጡ፣ ሳጥኑን መልሰው እየቆለፉ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሸጡ?» ይሉኛል እማማ።

እነግራቸዋለሁ። የቻይኖቹን።

አንድ ቀን እያነበብኩ ዝም በይ አሉኝ። ዝም አልኩ። ቀጥዪ አሉኝ። ቀጠልኩ። ድምፄ ባዶው ሳሎን ውስጥ እየተመለሰ ይመጣ ነበር፤ እኔ ለምጄው አልሰማውም። እማማ ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ አያቲቱ ግን ሳያውቁ የሚቀሩ ይመስልሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፉ ያውቃሉ ይላል አልኳቸው። ይበቃል ለዛሬ አሉኝ። ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ብርቅነሽ ጋ ደወልኩ። ሌላ በር አልቀረኝም ነበር። አብራት የምትኖረው ልጅ ወደ ሲያትል ሄዳ አንዱ መኝታ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ከኋላዋ የኤርፖርቱ ድምፅ ማጉያ በረራ ይጠራል።

«ቅዳሜ ኦፍ ነኝ» አለችኝ። «ቅዳሜ ይዘሻቸው ነይ። ቻይናውንም ይዘሽው ነይ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ለአንዲት አሮጊት ጣራ ላገኝላቸው ነው፤ ጣራው ሥር የሚጠብቃቸው ደግሞ ሠላሳ ምናምን ዓመት የታፈነ ጥያቄ ነው። ሌላ ምርጫ ቢኖረኝ ይዣቸው አልሄድም ነበር። አስቀድመው ራሳቸው ቢናገሩ ይሻላል ብዬ አሰብኩና፣ ዓርብ ዕለት፣ ያለፍናት አንዲት ምዕራፍ አለች፣ ላንብብልዎ ወይ አልኳቸው።

«ይለፍ አላልኩሽም?» አሉኝ።

ቅዳሜ ጧት ጥቂት ቀን ብርቅነሽ ጋ ልናርፍ ነው አልኳቸው። ያዘጋጀሁትን ውሸት ልቀጥል ስል እጃቸውን አነሱ።

«ቤቱን ወሰዱት፣ አይደል? ያኔስ ወታደር መጥቶ በሩን አሸገ፣ ሰው ተሰብስቦ አየን። ይኼ ምንም ድምፅ የለውም።» ከዚያ የአበሻ ቀሚሴን አምጪልኝ አሉ፣ ጥለቱ ሰፊውን። ሰው ቤት በፒጃማ አይኬድም አሉ።

ሀይዌይ ሰባ አምስትን ይዘን ወደ ዳላስ ወረድን። መንገዱን ሙሉ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እማማ ብርቅነሽን ቤቷ ሄደው አይተዋት እንደማያውቁ፣ አንዴ የምትኖርበትን እንኳ ጠይቀው እንደማያውቁ አሰብኩ። ቪከሪ ሜዶ ደርሰን ፓርክ አደረግሁ። ከየመስኮቱ የየአገሩ ቋንቋ ይወርዳል፣ የየአገሩ ሽንኩርት ይጠበሳል። ስንት ደረጃ አለው አሉኝ። ትንሽ ነው አልኳቸው። ክንዴን ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ወጡ።

ብርቅነሽ በሩን ከፍታ ቆማለች። ነጠላ ለብሳለች። ወደ ጉልበታቸው ዝቅ ስትል ለማየት ዓይኔን አዘጋጅቼ ነበር። ዝቅ አላለችም። እማማ ደፍ ላይ ቆሙ፤ ይግቡ እስኪባሉ መጠበቃቸው ነበር፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደጠበቁት።

«ግቢ» አለቻቸው ብርቅነሽ።

ድምፅዋ አልጠነከረም። ልክ እኔን እንደምትለኝ ነው ያለችው። የእማማ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ገቡ።

«ምን አለች?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። ጆሯቸው ምንም አልሆነም፤ የባዶ ሳሎን ግድግዳ የሰማ ጆሮ ነው።

«ግቢ አለችዎ» አልኳቸው።

ቆሙ። መልሰሽ ውሰጂኝ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ የት ነው የምወስዳቸው? ከሥር አንድ ልጅ ኳስ ግድግዳ ላይ ይመታል። ከዚያ እማማ በጫማቸው ጫፍ ደፉን ፈልገው፣ እግራቸውን አሻግረው ገቡ።

ቤቱ ንጹሕ ነበር። አንድ ሶፋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ብርቅነሽ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እማማን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ለእኔ ምንጣፉ ቀረኝ። ምግብ ቀርቦ ነበር፣ ከድና አስቀምጣዋለች። ቻይናውን አውጪ አለችኝ። አወጣሁ። የት ላይ እንደሆነ ያውቀዋል እጄ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ያቺ ምዕራፍ ናት።»

ማንበብ ጀመርኩ። ሴቶቹ ሲመካከሩ አነበብኩ። ገረዲቱ እመቤቲቱን ስታናግር፣ አንቺ ላድርገው ወይስ እርስዎ ብዬ አልተቸገርኩም፤ ያ ነገር አልቆ ነበር። በጓሮ በር ሲያወጧት፣ አንዷ እግሯን አንዷ ብብቷን ይዛ፣ ልጅቱ ድግሱ ሲያልፍ እመለሳለሁ ወይ ስትል ደረስኩ።

«ይለፍ» አሉ እማማ። ይኼኛው ትእዛዝ አልነበረም።

«አይለፍ» አለች ብርቅነሽ። «አንብቢ።»

አነበብኩ። ጥቂት ነበር የቀረው። ማንም አልመለሰላትም፤ በሩ ተዘጋ፤ ድግሱ ሦስት ቀን ቆየ፤ ልጅቱ መሞቷ በሌላ ወሬ መካከል ተነገረ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ብርቅነሽ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«ከበቡሽን የት ቀበርሻት?»

እማማ ቦርሳቸውን ሁለት እጅ አድርገው ያዙት። ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሲናገሩ ድምፃቸው የማላውቀው ነበር።

«ሕይወት ነበራት ስናወጣት። ብርድ ልብስ አልብሻታለሁ። ሹፌሩ ሲመለስ ሰንዳፋን እንዳለፍን አረፈች አለኝ።»

«የት ቀበራት?»

«እንጃ።»

«አልነገረሽም?»

«አልጠየቅሁትም» አሉ እማማ። «በማግሥቱ ሠርግ ነበር።»

ከሥር ያለው ኳስ ግድግዳውን ይመታል፣ ይመለሳል። ከብርቅነሽ ቁጣ ነበር የጠበቅሁት፣ ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከሶፋው ተነሥታ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ዘርግታ አገላበጠችው፣ ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ መልሳ ለበሰችው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። ሶፋው ባዶውን ቀረ። እጇን ያዝኩ፤ እጇ ከዊልቸር እጀታ የተነሣ ሻካራ ነው።

እማማ የነጠላውን ኮሽታ ሰምተዋል። ምን እያደረገች እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም፣ ግን ያወቁ ይመስለኛል። ወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ፣ ሊነሡ ሞክረው መልሰው ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናዎት» አሉ።

እርስዎ ብለው የጠሯት ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ብርቅነሽ አሜን አላለችም። የሰማችም አልመሰለኝም።

ትንሽ ቆይታ ስልኳን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ሥራ ቦታዋ ደወለች። የእሑዱንና የሰኞውን ሺፍት እንደማትገባ ለአለቃዋ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ለምን ሳይላት አልቀረም፤ እህቴ ሞታ ነው አለችው። እሱ አዘነላት መሰለኝ፣ ታንክ ዩ አለች። ከዚያ መቼ እንደሞተች ጠየቃት። ብርቅነሽ እማማ ወደተቀመጡበት ቀና ብላ አየች።

«ቱዴይ» አለችው።